«የልጆች ነው» አትበሉን

«በዚህ ዕድሜያችሁ ካርቱን?»

ይህቺን ጥያቄ ከእናቶቻችንም፣ ከቢሮ ባልደረቦቻችንም ሰምተናታል። ቅዳሜና እሑዱን ሙሉ የእንግሊዝ ኳስ ላይ ተጥዶ የሚውል ጎልማሳ ሳይቀር ይጠይቀናል። ስለዚህ መልሱን አንዴ ጽፈን ብንገላገል ይሻላል ብለናል። አዎ፣ እናያለን። ደግመንም እናያለን። በተለይ «አቫታር፦ ዘ ላስት ኤርቤንደር» የተባለውን። (ሰማያዊ ሰዎች ያሉበት የጄምስ ካሜሮን «አቫታር» ሌላ ነው። አታምታቱብን።)

ላላያችሁት ባጭሩ እንንገራችሁ። ኒኬሎዲዮን የተባለው የአሜሪካ የልጆች ጣቢያ እ.ኤ.አ. ከፌብሩዋሪ 2005 እስከ ጁላይ 2008 በ3 ምዕራፍና በ61 ክፍል ያቀረበው ተከታታይ ነው። ፈጣሪዎቹ ማይክል ዳንቴ ዲማርቲኖና ብራያን ኮኒየዝኮ ይባላሉ። የታሪኩ ዓለም የቆመው በአራቱ ባሕርያት ላይ ነው፤ በውኃ፣ በመሬት፣ በእሳትና በነፋስ። የኔታ ዘንድ ለተማረ ሰው ነገሩ ባዳ አይሆንበትም። በአራቱ ሕዝቦች ውስጥ የየራሳቸውን ባሕርይ በእጅና በእግራቸው እንቅስቃሴ የሚያዝዙ ሰዎች አሉ። አራቱንም ማዘዝ የሚችለው ግን አቫታሩ ብቻ ነው። አቫታሩ፣ አንግ የሚባል የ12 ዓመት ልጅ፣ የተጫነበት ኃላፊነት ከብዶት ይጠፋል፤ ከዚያም 100 ዓመት በረዶ ውስጥ ይተኛል። ካታራና ሶካ የተባሉ እኅትና ወንድም አግኝተው ሲያወጡት ዓለም የእሳት አገር ባስነሣችው ጦርነት ስትታመስ ይደርሳል። የእሱ ሕዝብ፣ የነፋስ ሕዝብ፣ አልቋል።

የሚበር ጎሽ አለ፣ ቀልድ አለ፣ ድብድብ አለ። ልጅ የሚወደው ሁሉ ሞልቷል። እኛን ቁጭ ብለን እንድናይ ያደረገን ግን ሌላ ነው። ይህ ካርቱን ጦርነት ከመሣሪያ በፊት ውሸት እንደሚያስፈልገው፣ ውሸቱም ቀድሞ የሚነገረው ለጠላት ሳይሆን ለገዛ ልጅ እንደሆነ በግልጽ ያሳያል። ያውም ለልጆች!

ማስረጃ እናምጣ። በ3ኛው ምዕራፍ 2ኛ ክፍል አንግ ማንነቱን ደብቆ የእሳት አገር ትምህርት ቤት ይገባል። ተማሪዎቹ ተነሥተው ለንጉሣቸው ታማኝ እንደሚሆኑ ይምላሉ። ከዚያ የታሪክ ጥያቄ ይመጣል፤ የነፋስ ሕዝብ ጦር የተሸነፈው መቼ ነው? አንግ እጁን ያወጣና የነፋስ ሕዝብ ጦር እንዳልነበረው ይናገራል። መምህርቷ ትቆጣለች፤ ከታሪክ መጽሐፋችን በላይ የምታውቀው ከ100 ዓመት በፊት እዚያ ነበርክ እንዴ ትለዋለች። ነበረ እንጂ! የሚያየው ልጅ እዚህ ጋ ይስቃል። ሲስቅ ግን አንድ ነገር ይገባዋል። መጽሐፍ ሊዋሽ ይችላል። መምህርም እየዋሸች መሆኗን ሳታውቅ ልትዋሽ ትችላለች። በጠላት አገር ያሉት ልጆች ደግሞ ቀንድ የላቸውም፤ አንግ ዋሻ ውስጥ ጭፈራ ሲያዘጋጅላቸው እየፈሩም ቢሆን ይመጣሉ።

የሚዋሸው ጠላት ብቻ ቢሆን ኖሮ ግን ይህም ራሱ ተራ ፕሮፓጋንዳ ይሆን ነበር። 2ኛው ምዕራፍ ወደ ባ ሲንግ ሴ ይወስደናል። የተወረረው የመሬት መንግሥት ዋና ከተማ ናት፤ በትልልቅ ግንብ የታጠረች፣ በስደተኛ የተጨናነቀች። በከተማዋ ስለ ጦርነቱ ማውራት ክልክል ነው። ዳይ ሊ የሚባሉ የጸጥታ ሰዎች አፉን ያልዘጋውን ወስደው፣ አእምሮውን አጥበው፣ ፈገግ አሰኝተው ይመልሱታል። ንጉሡ ራሱ 100 ዓመት የቆየውን ጦርነት አልሰማም። ለካ የተበደለም ወገን ይዋሻል!

ዙኮስ? የእሳት አገር አልጋ ወራሽ ነው። በ13 ዓመቱ ጦር መምሪያ ስብሰባ ገብቶ አንድ ጄኔራል አዲስ ምልምሎችን ለማጥመጃነት ሊያስጨርሳቸው ሲያቅድ ሰማ፤ ተቃወመ። አባቱ ፊቱን በእሳት አቃጥሎ ከአገር አባረረው። ልጁ ግን ይህን ሁሉ ችሎ አባቱን ለማስደሰት አንግን ያሳድዳል። ስለ አገሩ ታላቅነት የተማረው ሁሉ ውሸት እንደነበር ለአባቱ ፊት ለፊት እስኪነግረው ድረስ 3ኛው ምዕራፍ ይጋመሳል። ውሸት የጠጡትን ያህል በቶሎ አይወጣም።

ይህ ሁሉ ሲተላለፍ አሜሪካ ከማርች 2003 ጀምሮ ኢራቅ ውስጥ እየተዋጋች ነበር። ፈጣሪዎቹ ያንን አስበው ጻፉት አንልም። የምንለው፣ ማታ በዜና ታንክ የሚያይ የአሜሪካ ልጅ በካርቱኑ ሰዓት «የእኛስ ወገን እውነቱን ይናገራል?» የሚል ጥያቄ ተሰጥቶት ነበር ነው።

እኛስ? በእኛ አቆጣጠር ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በሰሜኑ ጦርነት ሰው ሲያልቅ አዲስ አበባ ማኪያቶዋን ትጠጣ ነበር። ጦርነቱ መጀመሪያ ስሙም ጦርነት አልነበረም፤ በመንግሥት ቋንቋ «ሕግ ማስከበር» ነበር። ሌላውም ወገን የየራሱ ቃላት ነበሩት። ቤት ውስጥ ያለ ልጅ ሲጠይቅ «ዝም በል፣ የትልቅ ሰው ነገር ነው» ተባለ። እዚያ ያለው ልጅ ግን የትልቅ ሰው ነገር ነው ብሎ የሚያልፈው አልነበረም። ባ ሲንግ ሴን ያየን ሰዎች ነንና ግንቡ ውስጥ የተቀመጥነው እኛ መሆናችን ጠፍቶን አያውቅም። ታዲያ ያወቅነውን ያህል ተናገርን ወይ? ይህን አትጠይቁን። ወይም ጠይቁን፤ ልንጠየቅበት ይገባል።

«ልጅ ግን ይፈራል» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፣ ይፈራል። እንዴት እንደሚነገረው ነው ጉዳዩ። 3ኛው ክፍል ላይ አንግ ወዳደገበት ገዳም ተመልሶ የሚወደውን መምህሩን ጊያትሶን ያገኛል፤ አጥንቱን፣ በእሳት አገር ወታደሮች አጽም ተከቦ። ደም የለም፣ ጩኸት የለም። አንግ በቁጣ ነፋስ ሲያስነሣ ካታራ ቀርባ አሁን ቤተሰብህ እኛ ነን ትለዋለች፤ እጁን ስትይዘው ይረጋጋል። እውነቱ አልተደበቀም፤ ልጁም ብቻውን አልተተወም። ኔትፍሊክስ በ2024 በተዋንያን አድርጎ ባቀረበው ላይ ግን ፍጅቱ ራሱ ገና ከመጀመሪያው በዓይናችን ፊት ይታያል። የበለጠ የከበደ መስሏቸው ይሆናል። እኛን የከበደን ግን ያ ዝም ያለ አጥንት ነው።

ፍጹም ነው አንልም። መጨረሻው ላይ ቅሬታ አለን። አንግ የእሳት አገሩን ንጉሥ ኦዛይን መግደል አለብህ ይባላል፤ ያሳደጉት መነኮሳት ግን ነፍስ አታጥፋ ብለው አስተምረውታል። ከባድ ጥያቄ ነው። ታዲያ በመጨረሻዋ ሰዓት አንድ ግዙፍ የአንበሳ ኤሊ ከባሕር ብቅ ይልና ንጉሡን ሳይገድል ኃይሉን የሚነጥቅበትን ዘዴ ይሰጠዋል። ደህና አድርጎ ተጠይቆ የነበረውን ጥያቄ ኤሊው ወሰደው!

ከዚያ በፊት ካታራ ያለ ምንም ኤሊ መልሳው ነበር። እናቷን የገደለውን ወታደር አሳድዳ ታገኘዋለች። ጡረታ ወጥቶ፣ ከአሮጊት እናቱ ጋር የሚኖር፣ የሚንቀጠቀጥ ሽማግሌ ሆኖ። አልገደለችውም። ይቅርም አላለችውም። ትታው ሄደች። በዳይን ሳይገድሉም፣ ይቅር ሳይሉም መኖር እንደሚቻል ለልጅ መንገር ድፍረት ይጠይቃል። «በቃ ታረቁ፣ ያለፈውን እርሱት» ማለት ለሚቀናን ለእኛ ለትልልቆቹ ደግሞ የበለጠ ያስፈልገናል።

ስለዚህ ወዳጆቻችን፣ ቤታችሁ ውስጥ ስለ ጦርነት የሚጠይቅ ልጅ ካለ «የትልቅ ሰው ነገር ነው» አትበሉት። የምታውቁትን በልኩ ንገሩት። መናገር ካቃታችሁ ካርቱኑን ክፈቱለት። ግን ከፍታችሁለት ወደ ስልካችሁ አትመለሱ፤ አጠገቡ ተቀመጡና አብራችሁት እዩ። ጥያቄ ማምጣቱ አይቀርም።

ቸር እንሰንብት!