ልብ ያላለ ልብ ወለድ አይጽፍም

ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ አንድ የዳንግላ ወጣት የጻፈውን የልብ ወለድ ድርሰት ይዞ ወደ እኔ መጣና «የኔታ፥ ቋንቋውን ብቻ ያርሙልኝ» አለኝ። ተቀብዬ በሦስት ሌሊት አነበብሁት። ቋንቋው ብዙ እርማት የሚሻ አልነበረም፤ በድርሰቱ ውስጥ ያሉት ሰዎች ግን ሰዎች አልነበሩም። አንድ ደብተራ አለ፤ መተት ይሠራል፥ ሲገባም ሲወጣም ይራገማል። አንዲት የገጠር እናት አለች፤ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ታለቅሳለች። አንድ ባለጠጋ አለ፤ ሆዱ ትልቅ ነው፥ ከሆዱ በቀር ምንም የለውም።

ወጣቱ በተመለሰ ጊዜ «ልጄ፥ ይህ ደብተራ ማታ ወደ ቤቱ ሲገባ በሩን የሚከፍትለት ማን ነው?» ብዬ ጠየቅሁት። እርሱም ጥቂት ዝም ብሎ «የኔታ፥ እርሱ እኮ ክፉ ሰው ነው፤ በሩን ማንም ቢከፍትለት ለታሪኩ ምን ይረባል?» አለኝ።

ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ይኸው መልስ ነው። የአንድ ወጣት መልስ ብቻ ቢኾን ኖሮ በቤቴ ባስቀረሁት ነበር። ነገር ግን ዛሬ ልብ ወለድ ከሚጽፉት ብዙዎቹ ይህንኑ መልስ ሳይናገሩት ይጽፉታል። የተቈጣሁትም ደብተራ ስለ ተነካ ነው ተብሎ እንዳይታማብኝ አስቀድሜ ልናገር። እኔም ከደብተሮች ወገን ነኝ፤ በመካከላችን መተተኛ የለም ብዬ አልምልም። ክፉ ደብተራ ይጻፍ፤ ነገር ግን ክፉ ሰው ይኹን እንጂ «ክፉ» የሚል ቃል ቀሚስና ጥምጥም ለብሶ አይሂድ።

«ልብ ወለድ» የሚለው ስም ከየት እንደ መጣ እናስታውስ። የዘጌው ሰው አፈ ወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. በሮም ከተማ አንድ መጽሐፍ አሳትመው «ልብ ወለድ ታሪክ» አሉት፤ ኋላ «ጦቢያ» እየተባለ የሚጠራው ነው። ስሙም ከዚያ መጽሐፍ ወጥቶ የዚህ ዐይነት ድርሰት ኹሉ መጠሪያ ኾነ። ብዙ ሰው ስሙን ሲሰማ «ልብ የፈጠረው፥ ያልነበረ ነገር» ብሎ ብቻ ይተረጕመዋል፤ በዚህም ትርጓሜ ኹለት ወገን ይስታል።

አንደኛው ወገን የእኛው የሊቃውንቱ ነው። «ያልነበረውን እንደ ነበረ አድርጎ መጻፍ ሐሰት ነው» ይላል። ለዚህ መልሱ አጭር ነው፤ ምሳሌ የሚመስል ኹሉ ሐሰተኛ ከተባለ፥ ጉባኤ ዘርግቶ የሚያስተምር መምህር ኹሉ አፉን ይያዝ። ኹለተኛው ወገን ግን ብዙ ነው፤ «ከልቤ የሚወጣ ነውና ልቤ እስኪነሣሣ እጠብቃለሁ» ይላል። ከእንጅባራ ወጥቶ ዘንገና ሐይቅ ዳር ይቀመጣል፤ ውሃውን ያያል፤ አንዳች መንፈስ እስኪወርድለት ይጠብቃል። ማታ ባዶ ወረቀት ይዞ ይመለስና «ዛሬ አልመጣልኝም» ይላል። ሐይቁስ ያማረ ነው፤ ነገር ግን በመንገድ ዳር ቀርከሃ ሰንጥቀው ወንበር የሚሠሩትን ሰዎች አልፏቸው ሄዶ ሰው በሌለበት ውሃ ሰውን ሲፈልግ ዋለ።

በአማርኛችን «ልብ አለ» ማለት አስተዋለ ማለት ነው፤ «ልብ አድርግ» ማለትም አስተውል ማለት ነው። እንግዲህ ልብ ወለድ ማስተዋል የወለደው ድርሰት ነው ብንል ከቋንቋው አልወጣንም። ልብ ያላለ ሰው ከየት አምጥቶ ይወልዳል?

የቅኔ ቤት ልማድ ለዚህ ይመሰክራል። ተማሪ ቅኔውን የሚያዘጋጅበት ሥራ «ቈጠራ» ይባላል፤ «ጥበቃ» አልተባለም። ተማሪው ከባልንጀሮቹ ተለይቶ ከዛፍ ሥር ይቀመጣል፤ ግሱን፥ አገባቡን፥ ታሪኩን ያወጣል ያወርዳል። ኹለት ቤት ብቻ ያላትን ጉባኤ ቃና ሳይሞላ ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ አይሻገርም። የቈጠረውን ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ያቀናዋል ወይም ይጥለዋል። «ዛሬ አልመጣልኝም» የሚል ተማሪ ነገም ይህንኑ ይላልና ከጉባኤው ወደ ኋላ ይቀራል።

እኔ በተማሪነቴ አንድ ቀን የአንጥረኛን ሥራ ሰም አድርጌ ቅኔ ቈጥሬ ነገርሁ። መምህሬ ሰምተው ሲጨርሱ «አንተ፥ አንጥረኛ ሲሠራ አይተህ ታውቃለህ?» አሉኝ። አላየሁም ነበር። እንዲያውም እፈራ ነበር፤ በዚያ አገር አንጥረኛው ቡዳ ነው እየተባለ ይታማ ስለ ነበር፥ ቁራሽ ለመለመን ስዞር በደጃፉ ያለፍሁ እንደ ኾነ ፊቴን በለምዴ ሸፍኜ እሮጥ ነበር። መምህሬም «እንግዲያውስ ያላየኸውን ሰም ከማን ቤት ሰረቅኸው? ሄደህ ሳታይ እንዳትነግረኝ» ብለው ሰደዱኝ።

ሦስት ቀን ከእርሳቸው ዘንድ ዋልሁ። በፊተኛው ቀን ከደጅ ቆምሁ፤ በኹለተኛው ቀን ጠርተው ወናፍ አስያዙኝ። ሰሙን በጣታቸው እያለዘቡ መስቀል ሲቀርጹበት፥ በጭቃ ሲሸፍኑት፥ በእሳት ሲያቀልጡት አየሁ። ሰሙ በቀዳዳው ፈስሶ አለቀ፤ በባዶው ስፍራ የቀለጠውን ብር አፈሰሱበት። ጭቃው በተሰበረ ጊዜ ግን የመስቀሉ አንድ ክንድ ጎደሎ ኾኖ ወጣ። እርሳቸው ብሩን አልወቀሱም፤ «ሰሙ ላይ ቸኵዬ ነበር» ብለው እንደ ገና ጀመሩ።

በሦስተኛው ቀን ጠላ በዋንጫ ቀድተው ሰጡኝ። ከመስጠታቸው በፊት ዐይን ዐይኔን አዩ። እጄ ጥቂት ዘገየ፤ መዘግየቱንም አዩ፥ ነገር ግን ምንም አላሉም። ከዚያ ተቀብዬ ጠጣሁ። በእርሳቸው ዋንጫ መጠጣት የሚጸየፈው አገር ኹሉ በእጃቸው የቀረጹትን መስቀል በየበዓሉ ይሳለም ነበር። ይህን ነገር ከዛፍ ሥር ተቀምጬ ዓመት ሙሉ ብቈጥር አላገኘውም ነበር። ያ የዘገየው እጄ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል፤ ሰውን በስሙ ብቻ ዐውቄ ልናገርበት እንደማይገባኝም የተማርሁት ከዚያ እፍረት ነው።

ልብ ወለድ ጸሐፊ ሆይ፥ ነገሩ ይኸው ነው። ልታስተላልፈው የምትፈልገው መልእክት ወርቅ ነው፤ በድርሰትህ ውስጥ የሚሄደውና የሚናገረው ሰው ሰም ነው። ወርቅ የሚፈስሰው ሰም በቀረጸው ስፍራ ብቻ ነውና ሰውህ ጎደሎ ከኾነ መልእክትህም ጎደሎ ኾኖ ይወጣል። «ድህነትን ልቃወም ነው፤ ግፍን ልገልጥ ነው» ብትል ወርቅህ መልካም ነው፤ ማን ይከለክልሃል? ሁልጊዜ የምታለቅስ እናት ግን ድህነትን አታሳይም፤ ልቅሶን ብቻ ታሳያለች። ሰው ከኾነች ትስቃለች፤ ከጎረቤቷ ጋር ትጣላለች፤ ለልጇ አንዲት እንቍላል ደብቃ ታስቀምጣለች። ድህነቷንም አንባቢ በእንቍላሉ ያውቀዋል።

ምስክር አምጣ የሚለኝ ቢኖር ከራሳችን ከጎጃም እጠቅሳለሁ። ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያሳተሙት በ1958 ዓ.ም. ነው። በጎጃም ቅኔ ቤቶች ተምረው ያደጉ፥ በጠላት ወረራ ጊዜ ተማርከው በኢጣልያ የታሰሩ፥ ኋላም አገራቸውን በውጭ በአምባሳደርነት ያገለገሉ ሰው ናቸው። የቅኔ ተማሪውን በዛብህን የጻፉት የተማሪን ኑሮ ከትተው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው፤ ቈጠራው ረዥም ነበር። ጉዱ ካሣን ተመልከቱ። ደራሲው ስለ ዘመኑ ሥርዐት የነበራቸውን ወቀሳ አብዛኛውን በእርሱ አፍ አኑረዋል፤ ሌላ ጸሐፊ ቢኾን አፍ ብቻ አድርጎ በተወው ነበር። እርሳቸው ግን ሰው አደረጉት፤ አገሬው እብድ ይለዋል፥ እውነት በተናገረ ቍጥር ብቻውን ይቀራል፥ ለሚናገረው ቃል ዋጋ ይከፍላል። ፊታውራሪ መሸሻንም ተመልከቱ። በዘራቸው ይመካሉ፥ ገበሬዎቻቸውን ሊወጉ ወጥተው በገበሬዎቻቸው ይማረካሉ። አንባቢ ይጠላቸዋል፥ ይስቅባቸዋል፥ ቈይቶም ያዝንላቸዋል። ደራሲው መሳፍንቱን መውቀስ ብቻ ፈልገው ቢኾን የሚታዘንለት ፊታውራሪ ባላስፈለጋቸው ነበር።

ከሩቅም ምስክር አለ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1872 በመስኮባዊው ደራሲ በቶልስቶይ ርስት አጠገብ አንዲት ሴት ራሷን በባቡር ሥር ጥላ ሞተች፤ እርሱም ሄዶ ሬሳዋን አየ። «አና ካሬኒና» ለተባለው መጽሐፍ አንዱ መነሻ ይህ ነው። በፊተኛው ረቂቅ ሴቲቱን እንዳትወደድ አድርጎ ጽፏት ነበር፤ እየሰረዘ እየጻፈ ከእርሷ ጋር በቈየ መጠን ግን ክብሯና ጭንቀቷ እየተገለጠለት ሄደ። ሬሳውን ማየቱ መነሻ ኾነው፤ ሰውዮዋን ያገኘው ግን በመሰረዝና በመጻፍ ነው።

እዚህ ላይ «አቤ ጉበኛስ? እርሱ ከሐሳብ ተነሥቶ አልጻፈምን?» የሚል ተከራካሪ አይጠፋም። እውነት ነው፤ የዳንግላ ጎረቤት የኾነው የአቸፈር ልጅ፥ የቤተ ክህነት ተማሪ የነበረው አቤ፥ ኋላ በታገደው «አልወለድም» በተባለው መጽሐፉ ያልተወለደ ሕፃን «አልወለድም» ብሎ ሲከራከር ያሳያል። ወርቁ ቀድሞ የመጣ ይመስላል። ነገር ግን ተከራካሪው ልብ ይበል፤ የክርክሩ ስፍራ የእናት ማሕፀን ነው። ከዚያ የቀረበ፥ ከዚያም የበለጠ የሚታወቅ ሰም የት ይገኛል? ሐሳቡ ቀድሞ ቢመጣም ሥጋ ሳይለብስ አልወጣም።

አሁን ወደ አገራችን ወደ አዊ ልመለስ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1925 እስከ 1934 ቺዝማን የተባለ የእንግሊዝ ቆንስል በዳንግላ ተቀምጦ የዓባይን መንገድና የጣናን ዳር በእግሩና በበቅሎው ዞሮ አየ፤ በ1936ም መጽሐፍ አድርጎ አወጣው። የሩቅ አገር ሰው ውሃችንንና ገደላችንን እንዲህ ከተመለከተ፥ እኛ ሰዎቻችንን መመልከት እንዴት አቃተን?

በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ የአገው ፈረሰኞች በዓል ይከበራል፤ ማኅበሩ የዐድዋን ዘማቾችና ፈረሶቻቸውን ለማሰብ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተ ነው። ወጣቶቻችን ስለዚህ በዓል ሲጽፉ የሚጋልበውን ብቻ ይጽፋሉ፤ አቧራው፥ ጭራው፥ እልልታው። አምና ፈረሱን ሸጦ ዘንድሮ ከተመልካች መካከል በእግሩ የቆመውን ሰው ማን ጻፈው? ልጁ «አባቴ፥ የእኛ ፈረስ የታለ?» ቢለው ምን ብሎ ይመልሳል? በፋግታ ለኮማ ገበሬው ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ ተክሎ፥ በአራት በአምስት ዓመት ቈርጦ፥ አክስሎ ይሸጣል፤ በቅርብ ዓመታት ዛፉን በሽታ መታው። በከሰሉ ቤት የሠራ፥ በከሰሉ ልጅ ያስተማረ ገበሬ የደረቀውን ተክል ሲያይ መጀመሪያ የሚያስበው ማንን ነው? በቤቷ አዊኛ፥ በገበያ አማርኛ የምትናገር እናትስ በየትኛው ቋንቋ ትቈጣለች፥ በየትኛውስ ትጸልያለች? ይህን የማያውቅ ጸሐፊ በአፏ ንግግር አያኑር።

ሊቃውንቱ «ውስጠ ወይራ» የሚሉት የቅኔ መንገድ አለ፤ ላዩ ሌላ ውስጡ ሌላ ነው። ሰውም እንዲሁ ነው። ክፉውን ስትጽፍ የሚወደውን አንድ ነገር ፈልግለት፤ ደጉን ስትጽፍ የሚደብቀውን አንድ ነገር ፈልግለት። ይህን የምለው ለወጣቶቹ ብቻ አይደለም። ከእኛ ወገን ድርሰት የሚሞክሩ ሊቃውንት ቍጣ የሌለበት መምህር፥ ስስት የሌለበት ባሕታዊ ይጽፋሉ። ያም ሰም የጎደለው ወርቅ ነው፤ የወጣቱ ደብተራ በጥላቻ እንደ ጎደለ ይህኛው በውዳሴ ጎድሏል።

«መምህር ሆይ፥ ዘመኑ የጥድፊያ ነው፤ አንባቢ ይህን ኹሉ አይታገሥም» ትሉኝ ይኾናል። አንባቢ የሚሰለቸውስ የሚያውቀውን አሻንጉሊት ደግሞ ደጋግሞ ሲያይ ነው፤ ሰው ሲያይ አይሰለችም።

ያ የዳንግላ ወጣት ድርሰቱን ይዞ ሄደ፤ ጥያቄዬን እንደ ጥላቻ ቈጥሮት ይኾን አላውቅም። ለእርሱም ለባልንጀሮቹም የምለው ይህ ነው። መጽሐፍ አትቸኵሉ፤ እንደ ጉባኤ ቃና ኹለት ገጽ ብቻ ጻፉ። የምትንቁትን ወይም የምትፈሩትን አንድ ሰው ምረጡ፤ ሦስት ቀን ከእርሱ ዘንድ ዋሉ፤ የሚሰጣችሁንም ተቀብላችሁ ጠጡ። ከዚያ ማታ በሩን ማን እንደሚከፍትለት ጻፉልኝ። ያን ሳታዩ የሞላ ሰው መጻፍ የሚቻል ከኾነ አሳዩኝ፤ በዚሁ ገጽ ተሳስቼ ነበር ብዬ እታረማለሁ።