«ይለቃል» እያልን የምናጣው ጆሮ

ከገለምሶ በጭሮ በኩል ወደ አዋሽ የወረደ ሰው ያውቀዋል፤ መንገድ ላይ ጆሮ ድፍን ይላል። ምራቅ ዋጥ ሲያደርጉ ጧ ብሎ ይከፈታል። ባለፈው ጉንፋን ይዞኝ ስሄድ ግን እምቢ አለ። ያማከርኩት ሁሉ መልሱ አንድ ነው፦ «ይለቃል»። አንዱማ ዘይት ጠብ አድርግበት አለኝ። እድለኛ ነኝ፣ በማግስቱ ለቀቀኝ።

በኋላ ሒሳቡን ስሠራው ገረመኝ። ከጭሮ እስከ አዋሽ 800 ሜትር ገደማ ስንወርድ ጆሮ ላይ የሚጨመረው ጫና 1 ሜትር ውሃ ውስጥ እንደመግባት ያህል ነው። ጅቡቲ ላይ የአየር ጋን አዝሎ ባሕር የሚጠልቅ ሰው ደግሞ 10 ሜትር ሲደርስ ጫናው እጥፍ ይሆንበታል። አፍንጫን ከጆሮ የሚያገናኘው ቱቦ በጉንፋን ከተዘጋ ታምቡሩ ሊቀደድ ይችላል። እሱስ ብዙ ጊዜ ይድናል። የውስጠኛው ጆሮ ከተጎዳ ግን ሌላ ጣጣ ነው፤ ድምፅ የሚቀበሉት ሕዋሳት አንዴ ከሞቱ አይተኩም፣ ጭው የሚለውም ድምፅ ዕድሜ ልክ ሊቀር ይችላል።

ጠላቂም ሁኑ ተሳፋሪ፣ ስልካችሁን በአንዱ ጆሮ ከዚያ በሌላው አዳምጡበት። አንዱ በድንገት ከደከመ፣ በተለይ ማዞር ካለው፣ ያኔውኑ ወደ ሐኪም ነው። በድንገት ለጠፋ መስማት የሚሰጠው መድኃኒት ይበልጥ የሚሠራው በመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት ነው። ዘይቱ ይቅር፤ ታምቡር ተቀዶ ከሆነ ያባብሳል። ከገለምሶ ስፔሻሊስት ፍለጋ መሄድ የትራንስፖርትም የሥራ ቀንም ወጪ እንዳለው ይገባኛል። ቢያንስ እዚያው ጤና ጣቢያ ገብታችሁ ጆሯችሁ ውስጥ በመብራት እንዲያዩላችሁ ጠይቁ።