ከደዌ ስለ ዳነ መንገደኛ የጤና ምርመራ

በወሎ ምድር ከሐይቅ ዳርቻ እስከ አምባሰል ተራራ ያለው ሕዝብ ከጥንት ጀምሮ በእርሻውና በንግዱ የሚኖር ነው። ዛሬ ግን ከወጣቱ ብዙው እንጀራውን ፍለጋ ዓይኑን ወደ ዓረብ አገር አቅንቷል፤ በ2006 ዓ.ም. የሳውዲ ዓረቢያ መንግሥት ከ160 ሺሕ በላይ ኢትዮጵያውያንን በመለሰ ጊዜ ከተመላሾቹ ብዙዎቹ የወሎ ልጆች እንደ ነበሩ ይታወሳል። ይህን መንገድ በሕግ ለመሄድ የሚሻ ሁሉ አስቀድሞ በሐኪም ፊት መቆም ግዴታው ነው።

አንድ መንግሥት ወደ አገሩ የሚገባውን ሰው ጤንነት መመርመሩ የሚነቀፍ ነገር አይደለም፤ ቤቱን የሚወድ ሰው በሩን ይጠብቃልና። ነገር ግን መርማሪው የሚፈልገው ዛሬ ያለውን ደዌ ነው ወይስ ትናንት የነበረውን? ፍርዱ የሚቀናውም የሚጣመመውም በዚህ ላይ ነው።

የሳንባ ነቀርሳ፤ ዛሬ ሰው ሁሉ ቲቢ የሚለው፤ ለዚህ ነገር ምስክር ነው። ሮበርት ኮኽ የተባለው ጀርመናዊ ሐኪም የበሽታውን ተዋሲያን በ1874 ዓ.ም. ካስታወቀ ወዲህ ሊቃውንት ብዙ ደክመው መድኃኒቱን አግኝተዋል። መድኃኒቱም ዛሬ በመንግሥት ጤና ጣቢያ ያለ ዋጋ ይሰጣል፤ መድኃኒት የሚበግረው ቲቢ የያዘው ሰው 6 ወር ሳያቋርጥ ቢወስድ አብዛኛውን ጊዜ ፈጽሞ ይድናል። ይሁን እንጂ ከዳነም በኋላ በሳንባው ላይ ጠባሳ ሊቀር ይችላል፤ ያንንም ጠባሳ ራጅ ያሳያል። ራጅ ብቻውን ግን የዳነውንና ያልዳነውን ሁልጊዜ ለይቶ ለመናገር አይችልም፤ ይህን ለመለየት አክታ መመርመር ያስፈልጋል።

በዚህ ነገር የመንግሥታት ደንብ አንድ አይደለም። በአሜሪካ ደንብ መሠረት ራጁ ያጠራጠረ አመልካች ሦስት ጊዜ አክታውን ይሰጣል፤ ተዋሲያኑ ይበቅሉ እንደ ሆነ እስከ 8 ሳምንት ይጠበቃል፤ ሕመም ቢገኝበትም ሕክምናውን ፈጽሞ እንዲመለስ ይነገረዋል እንጂ በሩ ለዘለዓለም አይዘጋበትም። የባሕረ ሰላጤው 6 መንግሥታት በጋራ ባቆሙት የቅድመ ጉዞ ምርመራ ደንብ ግን የቀድሞ ቲቢ ጠባሳ በራጅ የታየበት ሠራተኛ ድኖም ቢሆን «ብቁ አይደለም» ይባላል።

ከዚህ የሚወጣው ጉዳት ሁለት ነው። አንደኛው፤ የሚያስለው ወጣት ስሙ በበሽተኞች መዝገብ እንዳይገባና ጉዞው እንዳይሰናከል ፈርቶ ሳሉን ይሸሽጋል፤ በተሸሸገውም ሳል እናቱና ታናናሾቹ ይለከፋሉ። ሁለተኛው፤ ድኖ ሳለ የተመለሰው ሰው በደላላ እጅ ይወድቃል፤ በባቲና በአፋር በረሃ አልፎ፤ በጅቡቲ ጠረፍ በጀልባ ተሳፍሮ፤ ነፍሱን በየመን ባሕር ላይ ይጥላል። እንግዲህ ደዌን ለመከልከል የተሠራው ደንብ ደዌን የሚያሸሽግ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው።

የዳነ በሽታ ተመልሶ ሊያገረሽ ይችላል የሚል ቢኖር ቃሉ እውነት ነው። ነገር ግን የዚህ መፍትሔው ሰውየው ከገባ በኋላ በየጊዜው መመርመር ነው እንጂ ደጅ መዝጋት አይደለም። ኦሪት ዘሌዋውያን እንኳ በምዕራፍ 13 ካህኑ ቍስለኛውን ለይቶ 7 ቀን እንዲያቆየውና ቍስሉ ሳይሰፋ ቢቀር ጠባሳ ነውና ንጹሕ እንዲለው ያዝዛል። ከሥጋ ደዌ የዳነ ሰውም ጣቱ ጐድሎ ቢቀር ደዌውን ለማንም እንዳያስተላልፍ የቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ጎረቤቶች ያውቁታል።

ደንብም የማይለወጥ አይደለም። አሜሪካ የኤች አይ ቪ ተዋሲያን በደሙ ያለበትን ሰው ከ20 ዓመት በላይ ስትከለክል ኖራ በ2002 ዓ.ም. ክልከላውን አንሥታለች።

ስለዚህ ስለ ሠራተኞች ከባሕረ ሰላጤው መንግሥታት ጋራ የሚዋዋሉ ሹማምንት ከደመወዙና ከዕረፍቱ ቀን ጋራ ይህን ነገር ጨምረው ሊነጋገሩበት ይገባል፤ የሚጠየቀውም ቸርነት ሳይሆን የጠባሳው ፍርድ በአክታ ምርመራ እንዲሆን ነው። የሐይቅና የአምባሰል ጤና ጣቢያዎችም ሕክምናውን ለፈጸመ ሰው ሁሉ የጀመረበትንና የጨረሰበትን ቀን፤ የአክታውንም ውጤት የሚገልጽ የተሟላ ወረቀት ሊሰጡት ይገባል፤ ያለ ወረቀት የዳነ ሰው በባዕድ ሐኪም ፊት ምስክር የለውምና። ወላጆችም ልጃቸው ለጉዞ ከመነሣቱና ገንዘብ ከመበደሩ በፊት ሳሉን ያሳይ ዘንድ ይምከሩት። ደላላ የሚሸጠው የሐሰት ወረቀት ራጁን አያታልልም፤ ቢያታልልም ሕመሙን አያድንም።

አበው በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ብለዋል። ሕዝቡ በሽታውን እንዳይደብቅ ከተፈለገ ግን ለዳነው ሰው በሩ ሊከፈትለት ያስፈልጋል።