ልብ መታ ማለት ሞት መጣ ማለት ነውን?



ባለፈው ወር በዚሁ ሰሌዳ ላይ ስለ ቆሻሻ ማንሻ ሰዓት ጽፈን ነበር። ዛሬ የምናነሣው ግን በዐይን የማይታይ፣ ብዙዎቻችንም ደብቀን የያዝነው ጉዳይ ነው።

ከኮሚቴያችን አባላት አንዱ፣ ዕድሜው ከኀምሳ ያለፈ ቀልደኛ ሰው፣ አንድ ማለዳ መገናኛ ታክሲ ውስጥ እንደተቀመጠ ልቡ ይደልቅ ጀመር። ላብ አጠመቀው፤ እጁ ደነዘዘ፤ ትንፋሽ አጠረው። «ሞትኩ!» ብሎ ወረደ። ልቡም ደሙም ተመርምሮ ምንም የለብህም ተባለ። ነገሩ ግን በሦስት ወር ውስጥ ስድስት ጊዜ ተመላለሰበት። ታክሲ መሳፈር ተወ፤ ቀጥሎ ሾላ ገበያ መውጣት ቀረ፤ በመጨረሻም ለቅሶ መድረስ አቆመ። እኛም፣ ሐቁን ለመናገር፣ «ኮራብን» ብለን አማነው።

ሐኪሞች ይህን ድንገተኛ የፍርሃት ጥቃት ይሉታል፤ በፈረንጅ አፍ ፓኒክ አታክ የሚባለው ነው። ብዙውን ጊዜ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ከጫፉ ደርሶ ይረግባል እንጂ አይገድልም። እርግጥ የልብ፣ የእንቅርትና የደም ማነስ ሕመም ሊመስል ስለሚችል አስቀድሞ መመርመር ግዴታ ነው። የኛ ሰው ከዚያ በኋላ ነበር ኮግኒቲቭ ቢሄቪየራል ቴራፒ የተባለውን የሞከረው፤ በቋንቋችን የአስተሳሰብና የባሕርይ ሕክምና ብንለው ያስኬዳል። መሠረቱን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የጣለው አሜሪካዊው ሐኪም አሮን ቤክ ነው። እንግሊዛዊው ዴቪድ ክላርክ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1986 የፍርሃት ጥቃቱን አካሄድ አስረዳ። ይኸውም፦ ልብ ትንሽ ሲመታ ሰውዬው «ሞቴ ነው» ብሎ ይተረጉመዋል፤ ትርጉሙ ፍርሃት ይወልዳል፤ ፍርሃቱ ልብን ይብስ ያስሮጣል። እንዲያ እየተሽከረከረ ይሄዳል።

ባለሙያዋ መጀመሪያ ደብተር አስያዘችው። ልቡ ሲመታ ምን እንዳሰበ፣ በኋላስ የሆነው ምን እንደሆነ ይጽፋል። ስድስት ጊዜ «ሞትኩ» ብሎ ጽፎ ስድስቱንም ጊዜ ራት መብላቱን ከገዛ ደብተሩ አነበበ! ቀጥላም ደረጃ እየሮጠ እንዲወጣ አዘዘችው፤ የፈራውን የልብ ምት ራሱ እንዲያመጣው ማለት ነው። ደረጃው ሲሰለቸው ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ሽቅብ ወደ እንጦጦ መውጣት ጀመረ። ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ በሆነ ተራራ ላይ ልቡ የማይመታ ማን አለ? ቅጠልና እንጨት ተሸክመው የሚወርዱት እናቶች ልባቸው ከሱ ይበልጥ ይመታል፤ እነሱ ግን ድካም ነው ይሉታል እንጂ ሞት አይሉትም። ይህን ሲያጫውተን ሳቀ፤ ሲስቅ ካየነው ቆይቶ ነበር።

ቡናም ቀንስ ተብሏል። እሱ አልሆነለትም፤ በረካዋን ብቻ ነው የተወ።

ፈጽሞ ድኗል አንልም። ባለፈው ጥቅምት እዚያው ታክሲ ውስጥ ተነሣበት። ዘንድሮ ግን አልወረደም፤ እየተንቀጠቀጠ ላም በረት ድረስ ሄዶ፣ ሒሳቡን ከፍሎ ወረደ።

አንዳንድ እናቶች «ጸበል እያለ ይህ ሁሉ ምንድነው?» ይላሉ። ጸበሉን ማንም ተው አላለም። በ1999 ዓ.ም. በእንጦጦ የነበሩ የኤች አይ ቪ ሕሙማን መድኃኒታቸውን ከጸበሉ ጋር እንዲወስዱ ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ፈቅደው አልነበረም? እዚህ ደግሞ ተው የሚባል ኪኒን እንኳ የለም። ሐኪም ያዘዘለት ኪኒን ያለው ግን በራሱ ፈቃድ እንዳያቋርጥ አደራ።

ችግሩ ባለሙያው ጥቂት፣ ክፍያውም ለብዙዎቻችን ከባድ መሆኑ ነው። በክፍለ ከተማችን ኤካ ኮተቤ ሆስፒታል አለ፤ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ጊዜ ስሙ የገነነው ማለት ነው፤ የአእምሮ ሕክምናም ይሰጣል። ነገር ግን ከቤት መውጣት ያቃተውን ሰው ወረፋ ጠብቅ ማለት ምን ይሉታል? በፓኪስታን ገጠር ተራ የጤና ሠራተኞች ይህንኑ ዘዴ ተምረው በድብርት የተያዙ እናቶችን ቤት ለቤት እየሄዱ ረድተዋል። እ.ኤ.አ. በ2008 በታተመው ጥናት፣ ከወሊድ ስድስት ወር በኋላ በድብርት ላይ የነበሩት ርዳታውን ካላገኙት ከመቶ 53፣ ካገኙት ግን ከመቶ 23 ብቻ ነበሩ። ያ ስለ ድብርት እንጂ ስለ ፍርሃት ጥቃት አይደለም፤ ቢሆንም ነገሩ በሰፈር ሰው እጅ ሊሠራ እንደሚችል ያሳያል።

ስለሆነም ያቀረብነው ሐሳብ፣ እድራችን አዳራሹን በወር ሁለት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እንዲፈቅድና የአንድ ባለሙያ አበል እንዲችል ነው። አንድ አባት «እድር የተቋቋመው ለሞተ ሰው ነው፤ ድንኳኑም ተቀዷል» ሲሉ ተቃውመዋል። ድንኳኑ መቀደዱ እውነት ነው። ግን ይኸው ሰው ሰባት ወር ለቅሶ ሳይደርስ ሲቀር ቅጣት ያስከፈልነው እኛው ነን፤ ከቤቱ ሄዶ «ምን ነካህ?» ያለው አንድም አልነበረም።

የፊታችን እሑድ በእድሩ ስብሰባ ሦስተኛው አጀንዳ ይኸው ነው። ወንበር ስለማይበቃ በርጩማ ይዛችሁ ኑ።