በምዝገባ ቅጻችን ላይ አንድ ጥያቄ ይጨመር

በምዝገባ ሰሞን ስለ ልጆቻችሁ ጤና ስንጠይቅ መልሱ አንድ ነው፦ «ደኅና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን»። ምስጋናው ተገቢ ነው። ነገር ግን ቤተሰብ እያወቀው ለትምህርት ቤት የማይነገር ሕመም አለ። አንዱ ሂሞፊሊያ ነው።

ሂሞፊሊያ ደም በወጉ እንዳይረጋ የሚያደርግ የዘር ሕመም ሲሆን፣ በብዛት ከእናት ወደ ወንድ ልጅ ይተላለፋል። ዋነኛው ዓይነት ከ5,000 ወንዶች በአንዱ ገደማ ይገኛል። በእኛ ዘንድ በስምንተኛው ቀን ግርዛት ሊታይ ይችላል፤ ደሙ አልቆም ይላል። ልጁ መዳኽ ሲጀምር ሰውነቱ ይበልዛል፤ ኳስ ሲጫወት ጉልበቱ ያብጣል። ጎረቤት «ቡዳ ነው» ይላል፣ እናት ትወቀሳለች፤ ለእኅቶቹ ትዳር ሲባልም ነገሩ ይሸፈናል። ስጋቱ ይገባኛል፣ አልንቀውም።

መሸፈኑ የሚያሳጣው ግን ብዙ ነው። መድኃኒቱ እጅግ ውድ ስለሆነ በጀበል ያለ ቤተሰብ በኪሱ አይችለውም። የዓለም ሂሞፊሊያ ፌዴሬሽንን እ.ኤ.አ. በ1963 ያቋቋመው የሞንትሪያሉ ነጋዴ ፍራንክ ሽናቤል ነው። ሐኪም አልነበረም፤ ራሱ ሕመምተኛ ነበር። ዛሬ የመድኃኒት ኩባንያዎች ለፌዴሬሽኑ በነፃ ይለግሳሉ፣ እሱም በየአገሩ ላሉ የሕክምና ማዕከላት ያከፋፍላል። ማዕከሉ መድኃኒት የሚጠይቀው መርምሮ ለመዘገባቸው ሕመምተኞች ነው። ቤት ውስጥ የተደበቀ ልጅ በዚያ ቁጥር ውስጥ የለም፤ ተመራማሪም አያውቀው፣ ኩባንያም አያስበው።

ሕክምናው ደግሞ እየተለወጠ ነው። ዱሮ በደም ሥር ደጋግሞ መውሰድ ግድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 በአሜሪካ የተፈቀደው ኤሚሲዙማብ ግን ለዋነኛው ዓይነት ከቆዳ ሥር በሳምንት አንዴ፣ አንዳንዴም በወር አንዴ ይወጋል። ከሆስፒታል ርቆ ለሚኖር ልጅ ልዩነቱ ቀላል አይደለም።

«ደማችንን ወስደው ይጠፋሉ» የሚል ወላጅ አይጠፋም። ጥያቄው ትክክለኛ ነው። ደሙ ለምን እንደሚወሰድ፣ የት እንደሚቀመጥ፣ ውጤቱ መቼ እንደሚነገራችሁ ጠይቃችሁ ካልጣማችሁ እምቢ በሉ። እምቢ ማለትና መደበቅ ግን ለየቅል ናቸው።

ስለዚህ ለወላጅ ኮሚቴው የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። በቅጹ ላይ «በእናት ወገን ደሙ ቶሎ የማይቆም ወንድ ነበር ወይ?» የሚል ጥያቄ ይጨመር። መልሱ በእኔ ቢሮ ተቆልፎ ይቀመጣል፤ ወላጅ ሲፈቅድ ብቻ የክፍል ኃላፊውና የስፖርት መምህሩ ያውቁታል። አዎ ያለ ቤተሰብ ለበዓል አዲስ አበባ ሲወርድ ልጁን ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ያስመርምር፤ ደብዳቤውን እኔ እጽፋለሁ። እስከዚያው እንዲህ ላለው ልጅ አስፒሪን አትስጡት፤ ወባ ይዞት ክሊኒክ ብትወስዱትም ጡንቻው ላይ መርፌ ከመወጋቱ በፊት ስለ ደሙ ለሐኪሙ ንገሩ።