ያለ ሻይ ቅጠል የሚፈላ ሻይ

መልካ ጀብዱን የሚያውቅ ሁሉ ሙቀቱንም ያውቃል። በግንቦትና በሰኔ የድሬዳዋ አካባቢ የቀን ሙቀት 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ስለሚደርስ ጥም የሚቆርጥ መጠጥ በቤት ውስጥ መኖሩ እንደ ቅንጦት አይቆጠርም።

ቡና እንቅልፍ ነሳኝ የምትል እመቤት ብዙውን ጊዜ ቡናውን ትታ ሆጃ ታፈላለች። ይሁን እንጂ ሐሸር የሚባለው የቡና ገለፈትም ሆነ ቁጢ የሚባለው የቡና ቅጠል ከዚያው ከቡና ተክል የሚገኙ በመሆናቸው ካፌይን አላቸው። ወተት ቢጨመርበትም ካፌይኑ አይጠፋም። የሻይ ቅጠልም እንዲሁ ነው።

በጤነኛ አዋቂ ሰው ሰውነት ውስጥ የካፌይን እኩሌታ እስኪወገድ 5 ሰዓት ያህል ይፈጃል። ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ከተጠጣው ውስጥ ግማሹ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ገና አልወጣም ማለት ነው። ማለዳ ተነሥታ ወደ ፋብሪካ ለምትሄድ እናት ይህ የእንቅልፍ ኪሳራ ነው። በእርግዝና ወራት ደግሞ ካፌይን ከሰውነት የሚወጣው ይበልጥ በዝግታ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት በ2009 ዓ.ም. ባወጣው የእርግዝና ክትትል መመሪያ፣ በቀን ከ300 ሚሊግራም በላይ ካፌይን የሚወስዱ ነፍሰ ጡሮች መጠኑን እንዲቀንሱ መክሯል።

ካፌይን የሌለው መጠጥ ለማዘጋጀት የሚያስፈልገው ከጓሮ አይርቅም፦

• 1 ሊትር ውኃ
• 6 ወይም 7 ረዣዥም የጠጅ ሣር ቅጠሎች
• አውራ ጣት የሚያክል ዝንጅብል
• 2 የሾርባ ማንኪያ ስኳር
• 1 ሎሚ

ጠጅ ሣሩን በሚገባ አጥቦ በአጫጭሩ መቁረጥ፤ ዝንጅብሉን መውቀጥ። ውኃው ሲንተከተክ ሁለቱንም ጨምሮ ለ5 ደቂቃ ማፍላት። ከዚያም አውርዶ፣ መዓዛው እንዳይተን ከድኖ ለ10 ደቂቃ ማቆየትና አጥልሎ ስኳሩን መጨመር ነው። ሎሚው የሚጨመቀው ሲጠጣ፣ በየብርጭቆው ነው።

ማቀዝቀዣ የሌላት እመቤት በንጹሕ የሸክላ ማሰሮ ጨምራ፣ ከድና፣ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ታኑረው። ሸክላው ወደ ውጭ የሚያሳልፈው እርጥበት ሲተን ሙቀቱን ይዞ ስለሚሄድ መጠጡ ይቀዘቅዛል። የፈላው በዚያው ቀን መጠጣት አለበት።

ቅጠል ሁሉ ግን ለሁሉም አይስማማም። ጤና አዳም ጽንስን ሊጎዳ ስለሚችል ነፍሰ ጡር ሴት በሻይም ሆነ በቡና ልትጠጣው አይገባም፤ ሌላውንም ቅጠል አዘውትራ ከመጠጣቷ በፊት የጤና ባለሙያ ታማክር። 6 ወር ላልሞላው ሕፃን ደግሞ ከእናት ጡት ወተት በቀር ሻይም ሆነ ውኃ አይሰጥም።

ጠጅ ሣር አንዴ ከተተከለ፣ ውኃ እስካገኘ ድረስ ታጭዶ መልሶ ያቆጠቁጣል። ግቢ የሌላት እናትም በአሮጌ ባልዲ አፈር ሞልታ ብትተክለው ለቤተሰቧ የሚበቃውን ታገኛለች።