ፒኑን ሳይለኩ አይግዙ
አማን ዳርቻ፣ በናዑርና በዋዲ ሲር ተዳፋት ላይ ላሉት ጠባብና ድንጋያማ የወይራ ማሳዎች አዲስ ባለ ኮምፒውተር ትራክተር መግዛት ለእኔ ገንዘብ መበተን ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ገበያ የወጣው ባለ ሦስት ሲሊንደሩ ማሲ ፈርጉሰን 135 ሥራውን ይወጣዋል። ጉልበቱ ሳይሆን ጀርባው ነው ያኖረው። ሃሪ ፈርጉሰን ያስለመደው ባለ ሦስት ነጥብ ማያያዣ የጋራ መለኪያ ስለወጣለት የአንዱ ፋብሪካ ማረሻ በሌላው ትራክተር ላይ ይገጥማል። በዚህ መጠን ባሉት ትራክተሮች የታችኞቹ ክንዶች ፒን 22 ሚሊ ሜትር፣ የላይኛው 19 ነው፤ የጓሮዎቹ ትንንሾች ግን ወደ 16 ይወርዳሉ። ልኬቱን ከያዘ የበያደር ጋራዥ ሰፈር በያጅም ሆነ የእኛው የምናለሽ ተራ ብረት ሠሪ ማያያዣውን አሳምሮ ይሠራል። ጣጣው ሻጩ “ይገጥማል” ሲል አምነን መክፈላችን ላይ ነው። ጭነት ተሸክሞ የቆመ ክንድ ሞተሩ እንደጠፋ ቁልቁል ከወረደ፣ ብዙውን ጊዜ የሃይድሮሊኩ ጎሚኒ አልቋል፤ ይህ ይታደሳል፣ በዋጋ መከራከሪያም ይሆናል። ማጨጃ ሲሆን ነገሩ ይከብዳል፤ ከትራክተሩ ወደ ማጨጃው ኃይል የሚያደርሰው፣ በደቂቃ 540 ጊዜ የሚሽከረከረው ዘንግ የልብስ ጫፍ ከያዘ ሰውየውን ለመልቀቅ ጊዜ አይሰጥም። ስለዚህ ፒኑን የሚለኩበት ካሊፐር ይዘው ይሂዱ፤ መሸፈኛ የሌለውን ዘንግ ግን በነፃ ቢሰጥዎም አይቀበሉ።